ወንድሙ ፓምፕ ነጋዴ ነው፤ ፓምፑስ?

ባለፈው ዓመት በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የተጠራንበት ጉዳይ ውሃ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ምድር ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፤ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። እዚያው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረቤታችን እጁን አውጥቶ ተነሣ። ፓምፑ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መቃጠሉን፣ ሞተሩን ለማስጠቅለል በየጊዜው ያዋጣነውን ብር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከማስጠገን አዲስ መግዛት ለምን እንደሚሻል አንድ በአንድ አስረዳ። ገና ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ፦

«ወንድሙ እኮ ፓምፕ ነጋዴ ነው!»

ሰዉ ተንጫጫ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ «እንዲያ ነው እንዴ ነገሩ!» አለ። ጎረቤታችን ፊቱ ተለዋውጦ ተቀመጠ። ስብሰባው ወደ ጥበቃው ደመወዝ ዞረ፤ ስለ ፓምፑ መልሶ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ማታ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ነው። ወንድሙ ፓምፕ መሸጡ እውነት ነው፤ ሱቁን አውቀዋለሁ። ፓምፑ መሞቱም እውነት ነው፤ ጀሪካኑ እጄ ላይ ነው። ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም። እኛ ግን የመጀመሪያውን ስንሰማ ሁለተኛው የተሻረ መሰለን።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በአንደኛ ዓመት የሎጂክ ኮርስ ላይ «አድ ሆሚነም» የሚባለውን ሕፀፅ ተምሯል፤ ክርክሩን ትቶ ተከራካሪውን መምታት ማለት ነው። ሦስት መልክ እንዳለውም ተነግሮናል። አንዱ ስድብ ነው። ሌላው «አንተስ?» ማለት ነው። ሦስተኛው «ይህን የሚለው እንዲህ ያለ ጥቅም ስላለው ነው» ማለት ነው። ለፈተና ሸምድደነው ወጥተን ይሆናል፤ ይህ ሦስተኛው ግን እንደ ሁለቱ በቀላሉ አይያዝም። ስድብን ማንም ስድብ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰውን ውስጠ ፍላጎት ገልጦ ማሳየት ግን ብልህነት ይመስላል። ከኋላ ወንበር የጮኸው ሰው በዚያች ቅጽበት ከሁላችንም የበለጠ የነቃ መስሎ ታይቶናል።

«ለምን አለ?» እና «ያለው ትክክል ነው?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ሰውየው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ነገሩ። ለመጀመሪያው የተገኘ መልስ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ለሁለተኛው መልስ ሆኖ አያገለግልም። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። ምን ያህል እንደሚከብድና ምን ያህል እንደሚያተርፍ የሚያሳየውን ታሪክ ግን ከሩቅ ላምጣው፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ፣ ከሲጋራና ከሳንባ ካንሰር ክርክር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር በአስደንጋጭ ፍጥነት ይጨምር ነበር። ሪቻርድ ዶል የተባለ ሐኪምና ብራድፎርድ ሂል የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ምክንያቱን እንዲፈልጉ ተመደቡ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ መጀመሪያ የጠረጠረውም ሲጋራን ሳይሆን መንገድ የሚነጠፍበትን ሬንጅ ነበር። በለንደን 20 ሆስፒታሎች 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ጠየቁ፤ በዕድሜና በጾታ የሚመሳሰሏቸው፣ በሌላ በሽታ የተኙ 709 ሰዎችንም እንዲሁ ጠየቁ። ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል በሕይወቱ አጭሶ የማያውቅ የተገኘው 2 ሰው ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ 649 ወንዶች መካከል ግን 27። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ታተመ። ዶል ጥናቱ ሳያልቅ ማጨሱን ተወ።

ይህን የተቃወመው ተራ ሰው አልነበረም። ሮናልድ ፊሸር የዘመናዊው ስታቲስቲክስ አባት ከሚባሉት ቀዳሚው ነው። ሮተምስቴድ በሚባለው የእንግሊዝ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሳለ ያበጃቸው የሙከራ ዘዴዎች ዛሬም በመላው ዓለም፣ እኛ አገር የእህል ዝርያ በሚሞከርበት ማሳ ላይ ሳይቀር፣ ይሠራባቸዋል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ባወጣቸው ጽሑፎች «ሲጋራና ካንሰር አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም» አለ። ምናልባት ከዘር የሚወረስ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ሰውየውን ለማጨስም ለካንሰርም ያጋልጠዋል፤ ሲጋራው ግን በመሃል ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ማስረጃም አቀረበ፦ ተመሳሳይ መንትዮች ከማይመሳሰሉት ይልቅ በማጨስ ልማዳቸው ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ በማጨስ ውስጥ የዘር እጅ አለበት። ደግሞም የዶልና የሂልን መረጃ መልሶ አገላብጦ፣ ጭሱን ወደ ውስጥ እንስባለን ያሉት ካንሰር በያዛቸው ዘንድ በጥቂቱ ማነሳቸውን ነቅሶ አወጣ። ጭሱ ገዳይ ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል?

ፊሸር ፒፓ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። የትምባሆ አምራቾች ላቋቋሙት ኮሚቴም የሳይንስ አማካሪ ነበር። ከኋላ ወንበር «ተከፍሎት ነው!» ብሎ ለመጮህ ከዚህ የተመቸ ዕድል ከየት ይገኛል? ያሉም አልጠፉም። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ እኔም በዚያ ዘመን ብኖር የምጠረጥር ይመስለኛል።

ነገር ግን ክርክሩን የረታው ያ ጩኸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ጄሮም ኮርንፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የፊሸርን ሐሳብ ከልቡ ወሰደው። እሺ፣ ፊሸር እንዳለው ይሁን፤ ሲጋራ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ሌላ የተሰወረ ነገር ነው እንበል። ያ የተሰወረ ነገር ምን ያህል ብርቱ መሆን ይኖርበታል?

ስሌቱን በቀላሉ እንየው። አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካላጨሱት 9 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሲጋራው ራሱ ምንም የማያደርግ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው የተሰወረው ነገር በአጫሾች ዘንድ በብዛት ስለሚገኝ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ያ ነገር በአጫሾች መካከል ካላጨሱት ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። ከ100 ያላጨሱ ሰዎች 20ዎቹ ዘሩ አለባቸው ብንል፣ ከ100 አጫሾች 180ዎቹ ሊኖርባቸው ነው። ከ100 ሰው 180 አይወጣም። ካላጨሱት መካከል 10 ብቻ አሉ ብንል ደግሞ ከ100 አጫሾች 90ዎቹ የዚያ ዘር ተሸካሚዎች ይሆናሉ። በቀን ሁለት ፓኮና ከዚያ በላይ የሚያጨሱት ላይ ሲደረስ የሚፈለገው እጥፍ ወደ 60 ይወጣል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ልዩነት ያለው ዘር ተሸሽጎ መኖር አይችልም፤ መታየት ነበረበት። የመንትዮቹ መቀራረብም ቢሆን ወደዚህ መጠን የሚጠጋ አልነበረም። በዚያ ላይ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች አደጋቸው ካላቆሙት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዘር ደግሞ ሲጋራ ስለተጣለ አብሮ አይጣልም። ካንሰሩም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሽቅብ ወጥቷል፤ የአንድ ሕዝብ ዘር በዚያ ፍጥነት አይለወጥም።

በዚህ ስሌት ውስጥ የፊሸር ፒፓ የለም። አማካሪነቱም የለም። ፊሸር አንድ ሳንቲም ያልተቀበለ መናኝ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ አንዲት ቁጥር አይለወጥበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1964 የአሜሪካ የጤና ሹም ሉተር ቴሪ ሲጋራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ሲያውጅ የተደገፈበት ማስረጃ ይህን የመሰለውን ሁሉ ፈተና አልፎ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር አለ። ሰዎቹ «የተገዛ ነው» ብለው ቢያልፉት ኖሮ ያ ስሌት አይወለድም ነበር። የኮርንፊልድ ዘዴ ዛሬ የሕክምና ጥናት በሚሠራበት ሁሉ «አንድ የተሰወረ ምክንያት ይህን ውጤት ሊያፈርሰው ይችላል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት መንገድ መነሻ ሆኗል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ሰው በቀን ከሚያጨሰው ሲጋራ ብዛትም ከሳንባ ካንሰርም ጋር የተያያዘ የዘር ልዩነት አገኙ። አደጋውን የሚጨምረው በአንድ ቅጂ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ9 እጥፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ዘር በጉዳዩ እጅ አለበት ማለቱ ብቻውን ሲታይ ስሕተት አልነበረም። ሰውየውን ከነክርክሩ ወደ ቆሻሻ የጣለ፣ ይህንንም አብሮ ጥሎታል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ «ጥቅም ፈጽሞ አይነሣ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። እንዲያም አይደለም። የዚያው የዶል ቀሪ ሕይወት ሌላውን ግማሽ ያሳየናል።

ሪቻርድ ዶል እ.ኤ.አ. በ2005 አረፈ። በዓመቱ፣ በ1980ዎቹ ሞንሳንቶ ከተባለው የኬሚካል ኩባንያ በቀን 1,500 ዶላር የአማካሪነት ክፍያ ይቀበል እንደነበር የሚያሳዩ ደብዳቤዎች ለሕዝብ ወጡ። ሞንሳንቶ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በጫካ ላይ የተረጨውን «ኤጀንት ኦሬንጅ» ካመረቱት አንዱ ነው። ዶል ደግሞ በዚያው ዘመን ጉዳዩን ለመረመረ የአውስትራሊያ ኮሚሽን ኬሚካሉ ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም የሚል አስተያየት ጽፎ ነበር። ወዳጆቹ ክፍያውን ለራሱ አላደረገውም፣ በኦክስፎርድ ለነበረው ለግሪን ኮሌጅ ይሰጠው ነበር ብለው ተከራከሩ።

ይህ ዜና ምን ያናጋል፣ ምንስ አያናጋም? የ1950ው ጥናት አይነካም። 709ኙ ሕሙማን ተቆጥረዋል፤ ሌሎች በሌላ አገር ቆጥረው ያንኑ አግኝተዋል። ዶል ሌባ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ቁጥር ነው። ለኮሚሽኑ የጻፈው አስተያየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ታላቅ ሊቅ «መዝኜዋለሁ፣ እመኑኝ» ሲል የምንቀበለው ሚዛኑን ስላየነው አይደለም፤ ሰውየውን ስለምናምነው ነው። ስለዚህ ከማን ገንዘብ እንደሚቀበል የማወቅ ሙሉ መብት አለን። ያለዚያ የምንመዝንበት ሌላ ነገር በእጃችን የለም።

ፍርድ ቤት ይህን ልዩነት ከማንኛችንም ቀድሞ ያውቃል። ምስክር ቀርቦ «አይቻለሁ» ሲል፣ ተከራካሪው በመስቀለኛ ጥያቄ ዝምድናውን፣ ቂሙን፣ ዕዳውን ሊያነሣበት ይችላል። ምክንያቱም ምስክሩ የሚያቀርበው የራሱን ዓይን ነው፤ ዓይኑን አውጥተን ማየት አንችልም። ጠበቃ ቆሞ «የሕጉ አንቀጽ እንዲህ ይላል» ሲል ግን «ይህን የምትለው ደንበኛህ ስለከፈለህ ነው» የሚል ዳኛ የለም። እርግጥ ነው ከፍሎታል። አንቀጹ ግን እዚያው ተጽፏል፤ ገልጦ ማየት ነው። ምስክርነት ከሰውየው ጋር ይቆማል፣ ከሰውየው ጋር ይወድቃል። ክርክር ግን ከተናጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ በራሱ እግር ይቆማል ወይም ይወድቃል። የጎረቤታችን ንግግር ውስጥም ሁለቱም ነበሩ። ፓምፑ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል ያለው የጥገና ደረሰኝ ያለበት ነገር ነው። «ይህ ዓይነት ፓምፕ ነው የሚሻለው» ቢል ኖሮ ግን «ወንድምህ የሚሸጠው የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆን ነበር።

ገንዘብ የሰው ዓይን ላይ ሥራውን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። የመድኃኒት ጥናቶችን በብዛት ሰብስበው ያመሳከሩ ግምገማዎች፣ አምራቹ ወጪውን የሸፈነው ጥናት ለአምራቹ በሚመች ድምዳሜ የመቋጨት ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። የሕክምና መጽሔቶች ጸሐፊዎቻቸው የጥቅም ግንኙነታቸውን እንዲገልጹ የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ግንኙነቱን የገለጸውን ጽሑፍ አይጥሉትም፤ ያትሙታል፣ አንባቢው ጠንቅቆ እንዲያየው። የሰው ጥቅም የት ጠበቅ አድርገን መመርመር እንዳለብን ይጠቁመናል። መርምረን ምን እንደምናገኝ ግን አይነግረንም።

ጥቅሙ ራሱ የክሱ ፍሬ ነገር የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ አንድ ሰው እያወቀ አታለለ ሲባል። የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በጥር 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ለጤናችሁ እናስባለን፣ ሲጋራ ካንሰር ለማምጣቱ ማረጋገጫ የለም የሚል ማስታወቂያ አወጡ። እውነቱን እያወቁ ሕዝብ አታለዋል ብሎ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሳቸው። ዳኛ ግላዲስ ኬስለር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ማታለላቸውን አረጋግጣ ስትፈርድ፣ ውሳኔዋ 1,683 ገጽ ነበር። ክሱ የሰዎችን ልብ የሚመለከት ስለነበር የኩባንያዎቹ የውስጥ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ማስታወሻ፣ የራሳቸው ተመራማሪዎች ሪፖርት ሁሉ ተገልጦ ተነበበ። ምስክር ለወራት ተሰማ። አንድን ሰው «እንዲህ ያለው በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት በእርግጥ የሚያስፈልገው ይህን የሚያህል ሥራ ነው። እኛ ከኋላ ወንበር በአምስት ቃል ጨርሰነዋል።

በአምስት ቃል የሚያልቅ ስለሆነም ለማንም ይገጥማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በወጣ ሰሞን በየታክሲው የሰማሁትን ክርክር አስታውሳለሁ። አከራዩ «ጭማሪው ሲገደብ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ይቀንሳል» ይላል፤ «አከራይ ስለሆነ ነዋ!» ይባላል። ተከራዩ «በየስድስት ወሩ ኪራይ እየተጨመረብን ልጅ ትምህርት ቤት ማቆየት አልቻልንም» ይላል፤ «ተከራይ ስለሆነ ነዋ!» ይባላል። የማያከራይም የማይከራይም ሰው ሐሳብ ሲሰጥ «አንተን ምን አገባህ?» ይባላል። እንግዲህ ማን ይናገር? ሁሉንም አፍ የሚዘጋ መልስ ስለ ኪራይ ምንም አላስተማረንም። አከራዩ ያለው የሚጣራ ነገር ነው፦ የሚከራይ ቤት ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም? ተከራዩ ያለውም እንዲሁ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ እውነተኛው ከባድ ውይይት ይጀመራል። እዚያ ግን አንደርስም።

ከዚህ የከፋው፣ ክሱ ማምለጫ የሌለው መሆኑ ነው። «ማንም አልላከኝም» ያለ ሰው «የተላከ መቼ ተልኬያለሁ ብሎ ያውቃል?» ይባላል። ዝም ካለ አመነ። ከተቆጣ ነካነው። ሰውየው ምንም ቢያደርግ የሚጸድቅ ክስ ስለ ሰውየው እንኳ የሚነግረን ነገር የለም።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ሳስብ ግን ሕዝቤን መውቀስ አይቀናኝም። ብዙ ጊዜ ተታለናል። ለሕዝብ ነው እየተባለ ለኪስ የሆነ ብዙ አይተናል። ሰው ያሰበውን በግልጽ መናገር በሚያሳስርበት ዘመን የኖረ፣ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ማሽተት ባይለምድ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ከዚህ ሁሉ የወጣ ማኅበረሰብ «ነገሩ ወዲህ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ያ ልማድ ግን ያስከፈለንም ዋጋ አለ። በ1968 ዓ.ም. የግራው ጎራ ወጣቶችና ምሁራን በአንድ ትልቅ ጥያቄ ላይ ተከፈሉ፦ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ወይስ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ? ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ምክንያት ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዱ ሌላውን «አናርኪስት»፣ ሌላው አንዱን «ባንዳ» ማለት ጀመረ። ሁለቱም ቃላት ስለ ጥያቄው አንዳች አይናገሩም፤ የተናጋሪውን ልብ ነው የሚከሱት። ባንዳ ከተባለ ሰው ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ከዚያ የመጣውን ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ቃላቱ ብቻቸውን ጥይት ተኮሱ አልልም። ነገር ግን መልስ መስጠት የሚቻልበትን በር ቀድመው የዘጉት እነሱ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን ልማዳችንን ከሰምና ወርቅ ጋር ያያይዘዋል፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ የለመደ አእምሮ፣ የሰውንም ንግግር ሰም ብቻ አድርጎ ያያል ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ቅኔ ቤት ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው። ተማሪው ወርቁን አገኘሁ ካለ፣ ሁለቱን ትርጉም የተሸከመውን ኅብረ ቃል ከስንኙ ውስጥ ነቅሶ ማሳየት አለበት። ሰሙን ሳይፈታ፣ ቃሉን ሳይዝ «ባለቅኔው ይህን ያለው እከሌን ስለሚጠላ ነው» ብሎ ቢነሣ የኔታ አያልፉትም። የቅኔ ወርቅ የሚቆፈረው ከቃሉ ነው። እኛ በየስብሰባው የምንቆፍረው ግን የሰውየውን ጓዳ ነው።

የድሮው ሙግትም እንዲሁ ነበር። ባላጋራዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዱላቸውን ይዘው በዳኛው ፊት ይቆማሉ። አንዱ «በላ ልበልሃ!» ይላል፤ «ተጠየቅ!» ይላል። የተጠየቀ ይመልሳል፤ ከዚያ ተራው ደርሶ እሱም ይጠይቃል። ዛሬ ጭቅጭቅን «እሰጥ አገባ» የምንለው በዚያው ሙግት ተሟጋቾች በማርና በበቅሎ ከሚወራረዱበት ወግ የቀረ ነው። በዳር የቆመው ሕዝብ መልሱን ይመዝናል፣ ጥያቄ ሸሽቶ ወደ ሌላ ነገር የዞረውን ለይቶ ያውቃል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት የወጣው እንዲህ ያለ ሙግት ከለመደ ሕዝብ ነው። ፈላስፎቻችን ለሎጂክ የአማርኛ ስም ሲፈልጉ «ተጠየቅ» የሚለውን ማንሣታቸው ደስ ይለኛል፤ መጠየቅንና መመለስን በአንድ ቃል ይዟል።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ፓምፑ አንድ ወር እንኳ አልቆየም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለ። እንደገና ስንሰበሰብ መጀመሪያ የተናገሩት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ናቸው። «እሺ፣ ወንድሙ ነጋዴ ነው፤ ሰምተናል። ፓምፑስ? እኔ በዚህ ጉልበቴ ውሃ ማመላለስ አልችልም» አሉ። ከኋላ ወንበር ተናግሮ የነበረው ሰው መልስ አልነበረውም፤ ግን ደህና ሐሳብ አመጣ። «እንግዲያው መሥሪያ ቤት እንደሚደረገው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ» አለ። የሰው ጥቅም ሲያሳስብ ከመጮህ ይልቅ የሚሠራው ነገር ይኸው ነበር፤ ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ዋጋ፣ ጠረጴዛ ላይ።

ጎረቤታችን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት በረንዳ ላይ አግኝቶኝ ነበር። ባለፈው የተናደደው በሰዎቹ ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ። «ከማንም በፊት እኔው ልናገረው ይገባኝ ነበር። ሌላ ሰው ሲናገረው የደበቅሁት ይመስላል፤ ስናገረው ግን ለመስማት ይመቻቸዋል» አለ። ተራው ሲደርስ ተነሣ። በአንድ እጁ የሁለቱን ጥገና ደረሰኞች፣ በሌላው የኤሌክትሪሻኑን ወረቀት ይዟል።

«ወንድሜ ፓምፕ ይሸጣል» አለ። «ሱቁ እዚህ ማዶ ነው። ከእሱ እንድትገዙ አልጠይቅም፤ ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ እኔ አልገባበትም። አሁን ስለ ሞተሩ የተጻፈውን ላንብብላችሁ።»